ስቆጣ እንባ የሚቀድመኝ ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦ መስኮት ሦስት

ጤና ይስጥልኝ። ለገሃር አካባቢ በሚገኝ የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ሆኜ የምሠራ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነኝ። ላማክራችሁ የፈለግሁት ጉዳይ ለሌላው ቀላል ይመስል ይሆናል፤ የእኔን የሥራና የቤት ሰላም ግን እያናጋው ነው። ሰው ሲቆጣኝ ወይም ሲሰድበኝ ገና አፌን ሳልከፍት ጉሮሮዬ ይታነቃል፣ ጆሮዬ ይግላል፣ ብር የምቆጥርባቸው ጣቶቼ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፣ ከዚያም እንባዬ ይመጣል። አዝኜ አይደለም። በዚያች ቅጽበት የሚሰማኝ ንዴት ብቻ ነው፤ ሰዎች የሚያዩት ግን የሚያለቅስ ወንድ ነው።

ባለፈው የደመወዝ ሰሞን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ሲስተም ተቋርጦ አዳራሹ ጡረታቸውን ሊቀበሉ በመጡ ሽማግሌዎችና ወረፋ በያዙ ነጋዴዎች ተጨናንቆ ነበር። አንድ ጎልማሳ ደንበኛ መታወቂያውን በመስታወቱ ሥር ወደ እኔ እየገፋ «እናንተን እዚህ ያስቀመጧችሁ ለጌጥ ነው?» አለኝ። «ሲስተም ስለሌለ ነው» ልል ፈልጌ ድምፄ ከመሃል ተቆረጠ። ተነሥቼ ወደ መታጠቢያ ቤት ስሄድ የጥበቃ ሠራተኛው ሳይቀር ዓይኔን አይቶ አንገቱን ደፋ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሥራ ባልደረቦቼ ለቀልድ ያህል ሶፍት በጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡልኛል።

የከፋው ማታ ነው። የታክሲ ወረፋ ይዤ የተባልኩትን ቃል በቃል ስደግመውና ልመልሰው ይገባኝ የነበረውን ሳሰላስል እቆያለሁ። ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ «ዳቦውን ረሳኸው እንዴ?» ካለችኝ በቂ ነው፤ እጮህባታለሁ። ትንሿ ልጄ ድምፄን ስትሰማ ወደ ጓዳ መግባት ጀምራለች።

እናቴ ጸበል እንድጠመቅ ትመክረኛለች፤ አለቃዬ ደግሞ «ዋጥ አድርገው» ይለኛል። ለመዋጥ ሞክሬያለሁ፤ ወደ ማታ ይሸጋገራል እንጂ አይጠፋም። ይህ ነገር ምንድን ነው? በዚያች ደቂቃ ምን ባደርግ ይሻላል? ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድስ ጉዳይ ነው?

መልስ፦ ሲስተር ዘአራዳ

እንደምን አሉ ወንድሜ? በአእምሮ ጤና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። በአካል ሳላይዎት ይህ ሕመም ነው ወይም አይደለም ማለት አልችልም፤ ስለዚህ የምጽፍልዎት በሰውነትዎ ውስጥ ስለሚካሄደው ነገር ነው።

ጉሮሮዎ የሚታነቀውና እጅዎ የሚንቀጠቀጠው ደካማ ስለሆኑ አይደለም። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 እንዳብራራው፣ ሰውነት አደጋ የመጣ ሲመስለው አድሬናሊን ወደ ደም ይለቅቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደም ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሰውነት ለመሸሽ ወይም ለመታገል የሚያደርገው ዝግጅት ነው። አሁን እርስዎ ያሉበትን ቦታ ያስቡት፤ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጠው መሸሽ አይችሉም፣ ካዝናዎ ክፍት ነው፤ መልስ መስጠትም አይችሉም፣ ደንበኛ ነው። ሰውነትዎ ለሁለቱም ተዘጋጅቶ ሁለቱም መንገዶች ተዘግተውበታል። ሰው በሐዘን ብቻ ሳይሆን እንዲህ ባለው መውጫ ያጣ ንዴትም ያለቅሳል፤ ሴቱም ወንዱም ያለቅሳል። ልዩነቱ፣ በእኛ አገር ወንዱ ካለቀሰ በኋላ በማልቀሱ ደግሞ ያፍራል፤ ያ እፍረት በመጀመሪያው ንዴት ላይ ተጨምሮ ነገሩን እጥፍ ያደርገዋል። ሶፍቱን የሚያስቀምጡልዎት ባልደረቦች ይህን የሚያውቁ አይመስለኝም።

አለቃዎ የመከሩዎትን በተመለከተ፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጀምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎች ስሜት የሚነካ ፊልም እያዩ ፊታቸው ላይ ምንም እንዳይታይ አድርገው እንዲደብቁት ተጠየቁ። ፊታቸው ጸጥ አለ፤ የልባቸውና የደም ሥሮቻቸው ውጥረት ግን ካልደበቁት ሰዎች ይልቅ ጨመረ። ኤሚሊ በትለርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሁለት ሁለት ሴቶችን እያስቀመጡ እርስ በርስ ሲያነጋግሩ፣ አንዷ ስሜቷን እንድትደብቅ ሲደረግ የሌላዋም የደም ግፊት ከፍ አለ። ስለዚህ የዋጡት ነገር እርስዎ ዘንድ ብቻ አይቀርም። ደንበኛ ፊት መሳደብ አለብዎት ማለቴ አይደለም፤ ለአንዲት ደቂቃ መደበቅ ሥራው ይጠይቅ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰውነቱ መፍትሔ ይፈልጋል።

በዚያች ደቂቃ ከራስዎ ጋር አይከራከሩ። ስሜቱ ጣራ ሲነካ በግንባር በኩል ያለው፣ ነገሮችን የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍል ሥራው ይዳከማል፤ ምክንያት ቢደረድሩለት አይሰማዎትም። በሰውነት ይጀምሩ። አየር በአፍንጫዎ በልክ ያስገቡና ከገባበት በላቀ ጊዜ ቀስ አድርገው በአፍዎ ያውጡት፤ ልብ የሚረጋጋው ትንፋሽ በሚወጣበት ጊዜ ስለሆነ ትኩረትዎ ማስወጣቱ ላይ ይሁን። ብር እየቆጠሩ ማድረግ ይቻላል፤ ማንም አያይዎትም። መነሣት ከቻሉ ፊትዎን፣ በተለይ ከዓይንዎ ሥር ያለውን፣ በቀዝቃዛ ውኃ ያርጥቡት። ቀዝቃዛ ውኃ ፊትን ሲነካና ትንፋሽ ሲያዝ የልብ ምት እንዲቀንስ የሚያደርግ የተፈጥሮ ምላሽ አለን፤ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያድርገው። የሲያትሏ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊነሃን ስሜታቸው ከመጠን በላይ ለሚገነፍልባቸው ሰዎች ባዘጋጀችው ሕክምና ውስጥ ይህን ትመክራለች። የእኛ ከተማ ቧንቧ ሁልጊዜ ውኃ ስለማይኖረው አንድ ሃይላንድ ፍሪጅ ውስጥ ቢያስቀምጡ ይሻላል።

ሌላው፣ ስሜቱን በልብዎ በስሙ ይጥሩት፤ «ተናድጃለሁ፤ ሰው ፊትም ተዋርጃለሁ» ብለው። ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት፣ ሰዎች የሚያዩትን ስሜት በቃል ሲሰይሙት አሚግዳላ የተባለው አደጋን የሚጠቁም የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ ይቀንሳል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፤ ያን ዕለት ቁርስ በልተው ነበር?

መልስ፦ የተክለ ሃይማኖት ልጅ

ወንድሜ፣ ነገሩን አታካብደው። እኔ ብዙ ዓመት በንግድ ሥራ ላይ ስኖር ያልሰማሁት ስድብ የለም። ወንድ ልጅ እንባውን በሆዱ ይይዛል፤ ማታ ጂም ገብቶ የተናደደበትን ሰው ፊት እያሰበ የቦክስ ከረጢቱን በቡጢ ይደበድበዋል፤ ላቡ ሲወጣ ንዴቱም አብሮ ይወጣል። ነርሷ የጻፈችው ጥናት ሁሉ ለፈረንጅ ሊሠራ ይችላል።

መልስ፦ ጡረተኛዋ መምህርት

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? በመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ሥነ ልቦና አስተምር ነበር፤ ለተክለ ሃይማኖት ልጅም ለአንተም የምለው አለኝ።

የከረጢቱ ምክር ብዙ ሰው የሚያምንበት ስለሆነ በቀላሉ አልነቅፈውም፤ ነገር ግን ተፈትኖ ወድቋል። ብራድ ቡሽማን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት 600 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጀመሪያ ሆን ተብሎ እንዲናደዱ ተደረገ። ከዚያም አንዱ ክፍል ያናደደውን ሰው እያሰበ ከረጢት እንዲመታ፣ ሌላው ስለ ሰውነት ማጎልመሻ እያሰበ እንዲመታ፣ ሦስተኛው ምንም ሳያደርግ እንዲቀመጥ ተደረገ። ከሁሉም በላይ ተናድዶ የተገኘው የመጀመሪያው ነው፤ ምንም ሳያደርጉ ቁጭ ያሉት በንዴትም በጠበኝነትም ከእርሱ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ስፖርት መሥራት መልካም ነው፤ የሰውየውን ፊት እያሰቡ መምታት ግን ንዴቱን ማለማመድ ነው። ይህን ለማወቅ ፈረንጅ መሆን አያስፈልግም፤ በየሰፈራችን ቂም ይዞ ዓመት ሙሉ ስለ አንድ ሰው ብቻ የሚያወራ ጎረቤት አንድም ቀን ሲቀለው አላየሁም።

እኔ ከመስኮቱ ይልቅ የታክሲው ወረፋ ያሳስበኛል። ሲስተር ስለዚያች ደቂቃ የጻፈችው ትክክል ነው፤ ደቂቃዋ ግን ታልፋለች። ደንበኛው ምናልባት ሜክሲኮ ሳይደርስ ረስቶሃል፤ አንተ ግን ንግግሩን ወረፋው ላይ ቆመህ ደጋግመህ ታሰማዋለህ፣ ሰውነትህም በየድግግሞሹ እንደ አዲስ ይነሣል። ባለቤትህ ስለ ዳቦ ስትጠይቅህ የምትጮኸው ለእርሷ መልስ አይደለም፤ ከ4 ሰዓት ጀምሮ ስታዘጋጀው የዋልከው መልስ ነው። ይህን ብታስተውል ለእርሷም ልትነግራት ትችላለህ። በር ላይ ሆነህ «ዛሬ የከፋ ቀን ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻዬን ልቀመጥና እመጣለሁ» ማለት ያሳፍራል እንዴ? እርሷ ንዴትህ ከእርሷ የመጣ እንዳልሆነ ካወቀች ግማሹ ጠብ ሳይጀመር ይቀራል። ልጅህንም ጠርተህ አባቷ የጮኸው እርሷ ባጠፋችው ምክንያት እንዳልሆነ ንገራት፤ ልጆች ጥፋቱን ሁልጊዜ ከራሳቸው ይፈልጋሉና። ይህን ነገር ዛሬውኑ አድርገው።

ለድግግሞሹ ሁለት ነገር እመክርሃለሁ። ከሥራ ስትወጣ ወዲያው ወረፋ ውስጥ አትቁም፤ ከለገሃር ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ይዘህ እስከ ፒያሳ በእግርህ ውጣና ታክሲውን ከዚያ ያዝ። ዳገቱ ትንፋሽህን ስለሚወስድብህ ንግግር ለማዘጋጀት ጉልበት አይተርፍህም፤ የተነሣው ሰውነትህም የተዘጋጀለትን እንቅስቃሴ ያገኛል። እግር እንጂ ቡጢ አላልኩም። ሐሳቡ ከተመለሰ አትገፋው፤ የሚመጣውንና የሚሄደውን መኪና ቀለም ቁጠር፣ የሱቆቹን ማስታወቂያ አንብብ።

ሁለተኛው ጽሑፍ ነው። ጀምስ ፔንቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ተማሪዎችን ስለ ከባድ ገጠመኛቸው በተከታታይ 4 ምሽቶች ለ15 ደቂቃ እንዲጽፉ አደረጉ፤ የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ መሄዳቸው ቀነሰ። በጻፉበት ሰሞን ግን ስሜታቸው ከብዶ እንደነበር አልሸሽግህም፤ መጀመሪያ ከከፋህ አትደንግጥ። ልብ በል፤ «እንዲህ ብዬው ቢሆን ኖሮ» የሚለውን መጻፍ ያው ወረፋው ነው። የሆነውን፣ የተሰማህን፣ ያ ስሜት ከዚህ ቀደም የት እንደገጠመህ ጻፍ። ብዙ ተማሪዎቼ ጽፈው ሲጨርሱ የተናደዱበት ሰው መምህራቸው ሳይሆን አባታቸው ሆኖ ያገኙት ነበር። አንተን እንዲህ ነህ ማለቴ አይደለም።

መልስ፦ የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን ሁላችሁም ሰውየውን ስታክሙት መስኮቱን ረሳችሁት። እኔ በሌላ ባንክ ቅርንጫፍ አስተዳድር ስለነበር የደመወዝ ሰሞን አዳራሽ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሲስተም ሲቋረጥ ያለ ምንም ማብራሪያ አንድ ሰዓት የቆመ ጡረተኛ መቆጣቱ አይቀርም፤ ቁጣውን የሚቀበለው ደግሞ ስለ መቋረጡ ምንም ማድረግ የማይችለው፣ ከፊት የተቀመጠው ሰው ነው። ጀምስ ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1998 ስሜትን ስለ መግራት ባቀረበው ማብራሪያ ውስጥ፣ ስሜቱ ከተነሣ በኋላ ከመታገል በፊት ሁኔታውን ራሱን መለወጥ አንዱ መንገድ ነው። ይህ መንገድ በእኛ መሥሪያ ቤቶች ፈጽሞ የተረሳ ነው፤ ሠራተኛው ታጋሽ እንዲሆን ሥልጠና ይሰጠዋል፣ አዳራሹ ግን እንደነበረ ይቀጥላል።

ስለዚህ ለሥራ አስኪያጅዎ በጽሑፍ ሐሳብ ያቅርቡ። ሲስተም እንደተቋረጠ አንድ ኃላፊ ከመስታወቱ ወዲያ ወጥቶ በአዳራሹ መሃል ምን እንደተፈጠረና ከተቋረጠ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ይናገር፤ በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፍ፤ ለአረጋውያን ወንበር ይመቻች፤ ገንዘብ ከፋዮች አስቸጋሪ ደንበኛ ሲገጥማቸው ባልደረባ እንዲተካቸው የሚጠሩበት ስምምነት ይኑር። እኔ በነበርኩበት ቅርንጫፍ ከፋዩ ማኅተሙን ወደ ግራ ካዞረው ቀጥሎ ያለው ሰው «ይቅርታ፣ ኃላፊው ይፈልግሃል» ብሎ ደንበኛውን ይረከብ ነበር። ካዝናው በአግባቡ ተቆልፎ ማለቴ ነው። በማኅተሙ የሚቀልድ አልነበረም፤ ተራው ለሁሉም ይደርሳልና።

የሶፍቱን ጉዳይ ግን ዝም ብለው አይለፉት። በእርጋታ ቀን ለብቻቸው ጠርተው «ይህ ቀልድ ይጎዳኛል፤ ተዉልኝ» ይበሏቸው።

ጠያቂ፦ መስኮት ሦስት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሲስተር፣ ጥያቄዎ አስደንግጦኛል፤ ቁርስ አልበላሁም ነበር፤ ጾም ስለነበር ከቤት የወጣሁት ባዶ ሆዴን ነው፤ ሌሊቱን ደግሞ ልጄ ስላመማት እምብዛም አልተኛሁም። ጾሙን መተው አልችልም። በተጨማሪም ያልጻፍኩት ነገር አለ፤ አንዳንድ ጊዜ ማንም ሳይቆጣኝ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ልቤ በድንገት ይደልቃል፣ እጄ ይደነዝዛል፣ የምሞት ይመስለኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ያልፋል። ይህም ያው ንዴት ነው? እናቴ የምትለውንስ ምን ልመልስላት?

መልስ፦ ሲስተር ዘአራዳ

ጾሙን ይተዉ አላልኩም፤ አልልምም። በጾም ወቅት ግን ባዶ ሆድና እንቅልፍ ማጣት አንድ ላይ ሲሆኑ ያው ስድብ ከወትሮው በበረታ ሁኔታ እንደሚያገኝዎት አስቀድመው ይወቁ፤ የሚቻል ከሆነ በዚያ ሰሞን ከባዱን መስኮት ለሌላ ሰው ይልቀቁ። ቡና በባዶ ሆድ ከሚጠጡት ከሆኑ ደግሞ ልብ ማስደለቁንና እጅ ማንቀጥቀጡን ያባብሳል፤ የካፌይን መጠን በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት የማታው ስኒ እንቅልፍዎንም ይሻማል። ከአቦሉ በኋላ ቶናና በረካውን ለሌላው ቢተዉ ባለቤትዎ የሚቀየሙ አይመስለኝም።

ስለ ታክሲው የጻፉት ግን ከንዴቱ የተለየ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። በድንገት መጥቶ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራ የሚነካ፣ ልብ የሚያስደልቅ፣ እጅ የሚያደነዝዝና የሞት ፍርሃት የሚያመጣ ሁኔታ የድንጋጤ ጥቃት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ የሚታከም ነው። ነገር ግን የታይሮይድ እጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ፣ ደም ማነስ ሲኖር ወይም የልብ ምት ሲዛባ ተመሳሳይ ምልክት ስለሚታይ እንዲሁ መገመት አይገባም። በሚቀርብዎት ጤና ጣቢያ ይጀምሩና የታይሮይድ፣ የደምና የልብ ምርመራ እንዲደረግልዎት ይንገሯቸው፤ ንዴቱንም እንባውንም ሳይደብቁ ይንገሯቸው። ካስፈለገ ሪፈር ይጽፉልዎታል። መሃል ከተማ ውስጥ ዘውዲቱ መታሰቢያና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና አገልግሎት አላቸው፤ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ሩቅ አይደለም። አማኑኤል የሚሄደው «የለየለት» ብቻ ነው የሚባለውን ወሬ አይስሙ፤ በየቀኑ ሥራቸውን ጨርሰው ከነቦርሳቸው ለተመላላሽ ሕክምና የሚመጡ ሰዎች አሉ። የደረት ሕመም ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከተሰራጨ፣ ራስዎን ከሳቱ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እናትዎ ጸበል ያሉት ስለሚወዱዎት ነው፤ አይከራከሯቸው። ጸበሉም ምርመራውም ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐኪም መድኃኒት ካዘዘልዎት ማንም «ጸበል ስትጠመቅ መድኃኒቱን ተው» ቢልዎት ሐኪሙን ሳያማክሩ አያቋርጡ።

መልስ፦ የተክለ ሃይማኖት ልጅ

መስኮት ሦስት፣ ይህ የልብ መድለቅ እኔንም ይዞኝ ያውቃል፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሲስተር፣ ጤና ጣቢያ ሲኬድ መጀመሪያ የሚባለው ምንድን ነው? «ልቤን ያመኛል» ነው ወይስ «ያስደነግጠኛል» ነው የሚባለው?

መልስ፦ ሲስተር ዘአራዳ

እዚህ በጻፉት መልኩ ይናገሩት ወንድሜ፤ ሲመጣ ምን እየሠሩ እንደነበር፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ በዚያ ቀን የጠጡትን ቡናና የቃሙት ጫት ካለም አብረው ያስታውቁ። በትንሽ ወረቀት ጽፈው ቢሄዱ ካርድ ክፍል ወረፋ ላይ ሆነው አይረሱትም።